በጊዜ መልሺልኝ

ፎቶግራፌ እስከ ዛሬ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። በዋናው በር ገብታችሁ፣ ካርድ ክፍሉን አልፋችሁ፣ ወደ ሕፃናት ክፍል ስትታጠፉ በስተቀኝ ታገኙታላችሁ። ነጭ አንሶላ ላይ የተቀመጠች ልጅ ናት። የፊት ጥርሶቿ ረግፈዋል። የኦክስጅን ማስኩን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ድዷ እስኪታይ ትስቃለች። አጠገቧ እናቷ ቆማ እሷም ትስቃለች። ከኋላቸው በር አለ፤ በሩ ላይ አንዲት ሴት ብዥ ብላ ትታያለች፤ እሷን ግን ማንም ልብ አይላትም። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ሕይወት ታደግን» ተብሎ ተጽፏል።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ታምሜ አላውቅም። ጉንፋን እንኳ ቢይዘኝ ትንሽ አስነጥሼ ይተወኛል። የታደገኝ ሰው የለም፤ የሚታደጉኝም ነገር አልነበረብኝም።

እናቴ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሆስፒታሉ የቆመው እርስ በርሳቸው በተደጋገፉ የቆርቆሮ ቤቶች መሐል ነው፤ የሰፈሩ ሰው ስሙን አይጠራም፣ «ግቢው» ነው የሚለው። ግቢው ውስጥ ይወለዳል፣ ግቢው ውስጥ ይሞታል፣ በመሐሉ ደግሞ ግቢው ውስጥ ወረፋ ይጠብቃል። እኔን የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት መልስ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። የበረኪናውን ሽታ ከእሷ ገላ ሽታ ለይቼ አላውቀውም ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትተነፍስ ደረቷ ስለሚያፏጭ ሰፈርተኛው «ፉጨት» ይላታል። ስድብ አይደለም፤ ራሷም በር ላይ ቆማ «ፉጨት መጣችላችሁ!» ብላ ነው የምትገባው። ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ የጨርቁ ብናኝ ያንን ደካማ ደረቷን ጨርሶ አከፋው። እኔ የፊት ጥርሶቼ በረገፉበት ዓመት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ፉጨቱ ወደ ማቃሰት ተለወጠና ሴቶች ክፍል ተኛች።

አልጋዋ አጠገብ ማሽን አለ። ጎማ ያለው፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል ሣጥን ነው። መብራት ላይ ሲሰኩት ያጉረመርማል፣ በየመሐሉም «እፍፍ» ይላል። ከሱ የሚወጣው ቱቦ አክስቴ ማስክ ውስጥ ይገባል። አክስቴ ማሽኑን «ባሌ» ትለዋለች።

«እስቲ ስሚው ሲያንኮራፋ!» ትለኛለች። «እንዲህ ያለውን ነው እግዜር የሰጠኝ። ቀን ሙሉ ያንኮራፋል፤ ግን አይጠጣም፣ አይማታም፣ ከጎኔም አይለይም። ከዚህ በላይ ባል የት ይገኛል?»

በዙሪያዋ የተኙት ሴቶች ቁስላቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ወንድም ካለው ንገሪን» ይሏታል።

ባሏ ለአንድ አፍታ ከተለያት ግን ከንፈሯ ይጠቁራል። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ አይቻለሁ። ማሽኑ ዝም አለ። እናቴ መወልወያዋን ወርውራ ሮጠች፤ ነርሷ ትልቁን የብረት ሲሊንደር እያንገጫገጨች እስክታመጣ ድረስ አክስቴ ዓይኗን አፍጥጣ ጣቶቼን ጨምቃ ያዘችኝ። መብራቱ እስኪመለስ ከሲሊንደሩ ስትተነፍስ ቆየች። ማሽኑ ሲነሳ «ቀናተኛ ነው፣ ሊያስፈራራኝ ፈልጎ ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት። እሷ ያለችኝን ሁሉ አምን ነበር።

ማሽኑ የሕፃናት ክፍል ንብረት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ውጭ ያሉ ለጋሾች ለሕፃናት ብለው የሰጡት ነው። በዚያ ሰሞን የሚያስፈልገው ሕፃን ስላልነበረ ትልቋ ሲስተር፣ የሁለቱም ክፍሎች አዛዥ፣ በጓሮ በር ለአክስቴ ሰጠቻት። ለእናቴ ብላ ነው። እናቴ ቢሮዋን ከሌላው ለይታ ትወለውልላት ነበር፤ የቤቷን መጋረጃም አጥባላታለች። እናቴ ሲስተሯን ባየች ቁጥር ጎንበስ ትል ነበር፤ እኔ ወገቧን የሚያማት ይመስለኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ትልቁ ቀን የእንግዳ ቀን ነው። የእንግዳ ቀን ሲደርስ በሌላ ጊዜ ዓይናችን የማያየው ነገር ሁሉ ይወጣል። የተቆለፈው ቁም ሣጥን ይከፈትና ነጭ አንሶላ ይነጠፋል፤ መታጠፊያው ሰንበር እስኪመስል ድረስ ታጥፎ የኖረ አንሶላ። እንግዳ ሲሄድ ተመልሶ ይታጠፋል። የአበባ ማሰሮዎች ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወደ ኮሪደሩ ይሰደዳሉ። ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፈው የሚተኙት ሰዎች ከነፍራሻቸው ይጠፋሉ። እግሩ የሚሸተው ሽማግሌ ይጠፋል። እኔ የእንግዳ ቀን በሽተኛው ሁሉ የሚድንበት ቀን ይመስለኝ ነበር። በነጋታው ደግሞ ሁሉም ተመልሰው ሲታመሙ እናደድባቸው ነበር።

ሲስተሯ አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ አልጋ አጠገብ መጣች። እናቴ ከአልጋው ሥር እየወለወለች ነበር፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ።

«ስሚ፣ እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ናቸው» አለቻት እናቴን። «ማሽኑን የሰጡት እነሱ ናቸው። አዋቂ ላይ ካዩት አለቀልን። ሕፃን ላይ ነው ማየት ያለባቸው።»

እናቴ በጉልበቷ እንደተንበረከከች ቀና አለች። «ታዲያ የሚያስፈልገው ሕፃን ገባ እንዴ ሲስተር?»

«የለም። ያሉትም ቢሆኑ ለፎቶ የሚሆኑ አይደሉም። አንዱ ፊቱ ሁሉ ቁስል ነው፤ አንዷ ሰው ካየች ኡኡታዋን ታቀልጠዋለች።» ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። «ይቺን ግን እያት! ጉንጯ! ይሄ የጥርሷ ነገር ራሱ አንጀት ይበላል።»

እናቴ መወልወያዋን ጨመቀች።

«ከመኪናው እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ መኪናው ለሚሄዱባት ጊዜ ብቻ ነው» አለች ሲስተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከዚያ እህትሽን ሲሊንደሩ ይይዛታል። ካዩና ደስ ካላቸው ሦስት ማሽን ሊሰጡን ቃል ገብተዋል። ሦስት! አንዱን ለእህትሽ በእጄ ነው የማመጣላት። ከዚያ ወዲያ ማንም መጥቶ ከሷ ላይ አይነቅለውም።»

«ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ብቻ» አለች አክስቴ ከማስኩ ሥር።

«አንቺ ደግሞ፣ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ምላስሽ ይረዝማል» ብላ ሲስተሯ ሳቀች። አክስቴም ሳቀች። እናቴ ግን እህቷን ታያለች።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለቻት አክስቴ። «ለባዳ መሰለሽ እንዴ? ባሌን ለልጄ ነው የማውሰው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ነገር ቢኖር መመረጤ ነው። ከግቢው ልጆች ሁሉ እኔ! ልቤ ጮቤ ረገጠ። እናቴ ወደ ወለሉ ተመልሳ አንዷን ቦታ ደጋግማ ስትወለውል አየሁና አንድ ነገር ፈስሶባት ነው አልኩ።

ሲስተሯ ከእርዳታ ልብስ መሐል ፒጃማ አመጣችልኝ። ቢጫ ነው፣ እጅጌውም እግሩም ይረዝመኛል። አክስቴ መርፌና ክር አስመጥታ አልጋዋ ላይ ሆና አሳጠረችልኝ። ክሩን በጥርሷ ለመበጠስ ማስኳን ዝቅ ታደርጋለች፤ ትበጥስና ቶሎ ትመልሰዋለች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ! በሽተኛ እንዲህ ይደንሳል እንዴ? ነይ በሽታ ላስተምርሽ። አንገትሽን ዘንበል። ዓይንሽን እንዲህ፣ ከደን፣ ከፈት። ሲጠይቁሽ ቶሎ አትመልሺ። ጎሽ! ሞተሻል ማለት ነው።»

«አንቺ ግን ታመሽ ትስቂያለሽ» አልኳት።

«እኔማ ተሰጥኦው የለኝም» አለችኝ። ያሳጠረችውን እጅጌ ለማየት ወደኋላ ገፋ አደረገችኝና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ስፌቱን እየመረመረች መስሎኝ ነበር።

የእንግዳው ቀን ጠዋት እናቴ ሰማያዊ ካፖርቷን እንድታወልቅ ተደረገ። «ዛሬ ጽዳት አይደለሽም፣ እናት ነሽ» አለቻት ሲስተሯ፤ አንዷ ነርስም የራሷን ሹራብ አዋሰቻት። ሕፃናት ክፍል መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ወጣሁ። አንሶላው ቀዝቃዛ ነው፣ ብል መከላከያ ይሸታል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ላይ ተኝቼ አላውቅም። ዛሬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሰዎች «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» ይሉኛል፤ እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ። የማይለቀኝ ጣፋጭነቱ ነው። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ቀን የለም።

አክስቴን ለዓይን ከማይሆኑት ጋር ወደ ጓሮ፣ ልብስ ማድረቂያው ክፍል ወሰዷት። እዚያ እንግዳ አይገባም። አጣቢዋ፣ የእናቴ ባልንጀራ፣ ከእሷ ጋር እንድትቆይ ተነግሯታል። አክስቴ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና፣ ሲሊንደሩ ከኋላዋ እየተጎተተ፣ በኔ አልጋ በኩል አለፈች። ወንበሩን አስቆመችና የፒጃማዬን ኮሌታ አስተካከለች።

«በይ እንግዲህ፣ ባሌን አዋስኩሽ» አለችኝ። «ግን በጊዜ መልሺልኝ። ብዙ እንዳታቆዪው፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ጥርሷን አሳይታኝ ሄደች። የወንበሩ ጎማ ኮሪደሩ ላይ ሲንጫጫ ይሰማኛል።

ነገሩ የተበላሸው ከመጀመሪያው ነው። መኪናው በር ላይ ሲታይ ማሽኑን እየገፉ አመጡና ማስኩን አደረጉልኝ። እንግዶቹ ግን ቀጥ ብለው አልመጡም፤ ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮው አስገባቸው። ንግግር አለ፤ ሻይ አለ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕላዊ መግለጫ አለ። እኛ እንጠብቃለን። ማሽኑ ፊቴ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር እፍ ይላል፤ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ሲስተሯ አንሶላዬን አሥሬ ትጎትታለች። የእናቴ ግማሽ ልቧ በሩ ላይ ነው።

አጣቢዋ መጣች። እጇ እንደራሰ ነው። በሩን ገፋ አድርጋ እናቴን አየቻትና ጣቷን ወደ ታች ቁልቁል አደረገች፤ የሲሊንደሩ የአየር መለኪያ መርፌ ወረደ ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ «ተቀመጪ» የምትላት መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ለምን እንዳልተቀመጠች ገረመኝ። እናቴ ልትሄድ ስትል ሲስተሯ ክንዷን ያዘቻት።

«መጡ፣ መጡ! የት ልትሄጂ?»

እውነትም መጡ። መጀመሪያ ሽቶ ገባ፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ሰዎቹ። አንዲት ጸጉሯ ነጭ የሆነ ረጅም ሴትዮ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው፣ አስተርጓሚ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሌሎችም ስማቸውንም ሥራቸውንም ያላወቅኩት። ሴትዮዋ አልጋዬ ላይ ጎንበስ አለችና ቡናማ የጨርቅ ድብ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። አንገቴን ዘንበል፣ ዓይኔን ከደን፣ ከፈት። ሴትዮዋ «ኦ!» አለች። አክስቴ ባየችኝ ብዬ ተመኘሁ።

አጣቢዋ ሁለተኛ መጣች። አሁን እናቴን አላየቻትም፤ ቀጥ ብላ ሲስተሯ ጆሮ ላይ አንድ ነገር አለች። ሲስተሯ እንግዶቹን እያየች፣ ፈገግታዋን ሳታጥፍ፣ በጥርሷ መሐል «እሺ፣ እሺ፣ አሁን ጨረስን በያት» አለች። እናቴ በዓይኗ ጠየቀቻት። ሲስተሯ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ደህና ናት» አለቻት በከንፈሯ ብቻ። እኔ ያየሁት የእናቴን እጅ ነው። የአልጋውን ብረት ይዞ ነጥቷል። ስለተቁነጠነጥኩ የተናደደችብኝ መስሎኝ ይበልጥ ታመምኩላት።

ጸጉረ ነጯ ሴትዮ አንድ ነገር ጠየቀች። አስተርጓሚው ወደ እናቴ ዞረ፤ «ልጅሽ አሁን እንዴት ናት? ይሉሻል።»

እናቴ አልሰማችውም።

«እናት! ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ተሽሏታል» አለች እናቴ። «እግዜር ይመስገን። ተሽሏታል።» እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ ዱብ ዱብ አለ። እውነተኛ እንባ! እኔ እንዲህ ማስመሰል እንደምትችል አላውቅም ነበር፤ ኮራሁባት። ሴትዮዋም ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አለቅም አለች። ይዛት ታወራለች፤ አስተርጓሚው ይተረጉማል፤ እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። ያ ሁሉ ወሬ ስለ ተስፋ ነበር። አንዲት ቃል እንኳ እናቴ ጆሮ እንዳልገባች ዛሬ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ፎቶ። ካሜራ የያዘው ሰው ብርሃኑ ከመስኮቱ ስለሆነ ፊታችንን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባችንን ወደ በሩ እንድንሰጥ አደረገ። ማስኩ ፊቴን ሸፈነበትና ወደ አገጬ ዝቅ አደረገልኝ፤ የረገፈው ጥርሴ እንዲታይ ነው። ማሽኑ ለማንም ሳይሆን በባዶው እፍ ይላል። ሲስተሯ ከካሜራው ሰው ጎን ቆማ ወደኛ ታያለች፣ ከኛም አልፋ ወደ በሩ። አንድ ጊዜ ፊቷ ክው አለ። ከዚያ እጇን አጨበጨበችና «በሉ ሳቁ! ሳቁ!» አለችን።

«እማ፣ ሳቂ እንጂ» አልኳት እኔም በሹክሹክታ።

ሳቀች።

እንግዶቹ ወጥተው በሩ ከመዘጋቱ እናቴ ሮጠች። አንድ ጫማዋ ኮሪደሩ መሐል ቀረ። ሁለት ሰዎች ማሽኑን ነቅለው እየገፉ ተከተሏት፤ ቱቦው ወለሉ ላይ ይጎተታል። እኔ ድቤን አቅፌ አልጋዬ ላይ ቀረሁ። የእንግዳ ብስኩት ሰጡኝ። ከጓሮ በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ከወሊድ ክፍል እንዲህ ያለ ጩኸት ስሰማ ነው የኖርኩት፣ አንድ ልጅ ተወለደ ብዬ ብስኩቴን በላሁ።

ቤት ስገባ ቤታችን በሴቶች ተሞልቷል፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። ጎረቤታችን አፈፍ አድርጋ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። «አክስትሽ ለሕክምና ሩቅ ቦታ ሄደች» አለችኝ። ሰው ሩቅ ሲሄድ እንደሚለቀስለት አይቼ አውቃለሁ፤ የማዶው ጎረቤታችን ልጅ በአውሮፕላን ሲሄድ እናቱ መሬት ላይ ተንከባልላለች። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ተገጣጠመልኝ፤ እንግዶቹ በኔ ተደስተው አክስቴን በመኪናቸው ጭነው ደህና ሆስፒታል ወስደዋታል። በኔ ምክንያት! ይህን ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ አወራሁ። መምህሬም ሰማችና ጸጉሬን ዳበሰችኝ። ሳትሰናበተኝ በመሄዷ ብቻ ትንሽ ተቀየምኳት። ባሏንም ትታ መሄዷ ገረመኝ፤ እዚያ ሌላ አግኝታ ይሆናል አልኩ።

እውነቱን ሰው ጠርቶ አልነገረኝም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ገባኝ፤ የቀረውን አጣቢዋ ሥራ ልትለቅ ስትል ነገረችኝ። ሲሊንደሩ ሙሉ አልነበረም። መብራት የጠፋ ቀን ከተጠቀሙበት ወዲህ ማንም አልሞላውም፤ ማንም አላየውም። «መጀመሪያ ስመጣ መርፌው ወርዶ ነበር» አለችኝ። «ሁለተኛ ስመጣ አልቆ ነበር። ሦስተኛ ስመጣ ገና ነፍሷ አልወጣችም። እህቴን ጥሪልኝ ብላኝ ነው የመጣሁት። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ሳወራጭ እናትሽ ጀርባዋን ሰጥታ ፎቶ ትነሳለች። ልጮህ አልኩ። ሲስተሯ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔም የቀን ሠራተኛ ነበርኩ።»

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሦስቱ ማሽኖች መጡ። ውሸት አልነበረም። ሲስተሯ ቃሏን ጠበቀች፤ እናቴን ቋሚ ሠራተኛ አስደረገቻት፤ ራሷም በሹመት አደገች። በነዚያ ማሽኖች የዳኑ ሕፃናት አሉ፤ አንዱ ዛሬ እኛ ሰፈር ታክሲ ይነዳል፣ ሰላም ይለኛል። ምን ልበለው? ማንን ይዤ ልጩህ? ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ ደስ ባለኝ።

ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ። እናቴ ጠዋት ሥራ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ እሱን መወልወል ነበር፤ ከወለሉ በፊት፣ ከሲስተሯ ቢሮ በፊት። መስታወቱን በእስትንፋሷ እፍ ትልና በደረቅ ጨርቅ ታሸዋለች። ልጅ ሳለሁ «እናቴ ፎቶዬን ስለምትወደው ነው» ብዬ እኮራ ነበር። እውነቱን ካወቅኩ በኋላ ግን ያንን ጨርቅ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን በጉርምስናዬ ጮህኩባት፤ «እንዴት ያለሽ ሴት ነሽ? እህትሽ የሞተችበትን ነው እኮ የምታሳምሪው! አውርጂው! ስበሪው!» አልኳት። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ በኋላ በመሐላችን የሆነ ነገር ተዘጋ። እጠይቃታለሁ፣ እረዳታለሁ፣ ግን ለብዙ ዓመት እናቴን አልወደድኳትም። እንዲህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን እሷም ጡረታ ወጥታ ሴቶች ክፍል ተኝታለች። ሳንባዋ ውኃ ቋጥሯል። አጠገቧ ማሽን አለ፤ ከሦስቱ አንዱ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ድምፁም ከድሮው ብሷል። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ በፎቶው በኩል አለፍኩ። አዲሷ ጽዳት ግድ የላትም፣ መስታወቱ አቧራ ጠጥቷል፤ በሩ ላይ ያለችው ሴት ጭራሽ አትታይም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ወሬ አወራን፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ጎረቤት። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማ፣ እንዴት አስቻለሽ ግን? ያን ያህል ዓመት፣ በየጠዋቱ እኔን ስትወለውዪ።»

ማስኩን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገች። «አንቺን መሰለሽ እንዴ የምወለውለው?»

«ታዲያ ምኑን?»

«በሩን ነው» አለች። አየር እስክታገኝ ቆየች። «ፎቶው እስኪሰቀል ድረስ አጣቢዋ ሦስተኛ መምጣቷን አላወቅኩም ነበር። ሲሰቀል አየኋት። ቆማ ትጠራኛለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እስቃለሁ።»

«እማ፣ ማስኩን መልሺው።»

«ቆይ። አቧራው ከለቀቀ ደህና አድርጋ ትታያለች። እጇን እንዲህ አድርጋለች።» ግሉኮስ የተሰካበትን እጇን ቀስ ብላ ከአንሶላው ላይ አነሳች። «ጠዋት ጠዋት እወለውለውና ቆሜ አያለሁ። ሞኝ ነኝ፣ ምን ታደርጊኛለሽ። ዛሬ ዞር እል ይሆናል እላለሁ።»

እጇን አወረድኩላትና ማስኩን መለስኩላት። ማሽኑ ከጎኗ ያንኮራፋል። ከመነሳቴ በፊት የሹራቤን እጅጌ ያዘችኝና በማስኩ ውስጥ አንድ ነገር አለች፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት። ስትወጪ ጨርቅ ይዘሽ እለፊ ነው የምትለኝ።